ጡረታ፣ የዕድሜ ልክ ክፍያና የእህል ገበያ ታሪክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ምርምር ሥራዬ የሚጠይቁኝ ሰዎች በአመዛኙ ከሦስት ወገን ናቸው፦ ስድስት ኪሎ የማስተምራቸው የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመታት የቀሯቸው የመንግሥት ሠራተኞች፣ እንዲሁም የዋጋ መዝገባቸውን ለማየት ስሄድ ወንበር ስበው የሚያስቀምጡኝ የእህል በረንዳ ነጋዴዎች። ጥያቄዎቹ እየተመላለሱ ስለሚመጡ መልሶቹን በአንድ ቦታ ጽፎ ማኖሩ ይሻላል ብያለሁ። የአገራችንን ጉዳይ የሚመለከቱ ዓመታት በእኛ አቆጣጠር፣ የውጭዎቹ ደግሞ «እ.ኤ.አ.» እየተባለ ተጽፈዋል።

ጡረታንና የጥንት እህል ገበያን ምን አገናኛቸው? ሁለት የተለያዩ ሙያዎች አይደሉም?

ብዙ ባልደረቦቼም የሚያስቡት እንዲሁ ነው፤ እኔ ግን ሁለቱን አንድ ጥያቄ አድርጌ ነው የማያቸው። ጡረታ ማለት ዛሬ ከደመወዝ ተቀንሶ፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመለስ የተስፋ ቃል ነው። ቃሉ የሚጻፈው በብር ሲሆን የሚበላው ግን በእንጀራ ነው። ስለዚህ የዚያን ቃል ዋጋ ለማወቅ ሦስት ነገሮችን መገመት ያስፈልጋል፦ ባለጡረታው ስንት ዓመት እንደሚኖር፣ ገንዘቡ በመካከሉ ምን ያህል ወለድ እንደሚያፈራ፣ እንዲሁም ያ ብር በዚያን ጊዜ ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዛ። የመጀመሪያውን ከሞትና ከልደት መዝገብ እናገኘዋለን። ሁለቱ ግን ረጅም ዘመን የሚሸፍን ማስረጃ ይፈልጋሉ፤ በብዙ አገር ደግሞ ከማንኛውም ሸቀጥ ይልቅ ዋጋው ለረጅም ዘመን ሳይቋረጥ ሲመዘገብ የኖረው እህል ነው።

ቋንቋችንም በዚህ ላይ የራሱን ይናገራል። «ጡረታ» የሚለው ቃል የመጣው «ጦረ» ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ ጧሪ ማለት ደግሞ የሸመገለውን ወላጅ የሚመግብና የሚያለብስ ነው። ስለ ደመወዝ ተቀናሽና ስለ ፈንድ ከመናገሩ በፊት ቃሉ የሚናገረው ስለ ቀለብ ነው።

የዕድሜ ልክ ክፍያ ወይም አኑዊቲ የሚባለው ምንድን ነው?

አንድ ሰው ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለመድን ድርጅት ወይም ለመንግሥት አስረክቦ፣ በምላሹ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ የሚቀበልበት ውል ነው። የመንግሥት ጡረታም ቢሆን መዋጮው ቀስ በቀስ የተከፈለበት አኑዊቲ ነው ማለት ይቻላል።

ጥቅሙ ከየት እንደሚመጣ በምሳሌ ላሳይ። አሥር እኩያ ጡረተኞች እያንዳንዳቸው 100,000 ብር አውጥተው በአንድ ሣጥን ቢያስቀምጡና ከዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት ብቻ እንዲካፈሉት ቢስማሙ፣ በዓመቱ ውስጥ አንዱ ቢሞት ለቀሪዎቹ ዘጠኝ ለእያንዳንዳቸው 111,111 ብር ይደርሳቸዋል። ገንዘቡ ምንም ወለድ ሳያፈራ 11 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ይህ ጭማሪ የሟቹ ድርሻ ነው፤ ባንክ ውስጥ ለብቻ የተቀመጠ ገንዘብ ደግሞ መቼም አይሰጠውም። ጭካኔ ይመስላል የሚሉኝ ተማሪዎች አሉ። ሟቹም ግን ሲገባ የተስማማው በሕይወት ቢቆይ የሌሎቹን ድርሻ ሊካፈል ነው፤ እንዲያውም የፈራው ነገር ረጅም ዕድሜ ኖሮ ገንዘቡ ቀድሞት ማለቁን ነበር።

ሎሬንዞ ቶንቲ የተባለ የኢጣሊያ ሰው በ1653 እ.ኤ.አ. ለፈረንሳይ መንግሥት ያቀረበው ዕቅድ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በስሙ «ቶንቲን» ተብሎ የሚጠራው ይኸው ነው። ፈረንሳይ ግን ሥራ ላይ ያዋለችው ቆይታ፣ በ1689 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ከእድርና ከእቁብ በምን ይለያል?

ከእድር ጋር ተቃራኒ ነው። እድር ቶሎ መሞት የሚያመጣውን ወጪና ጭንቀት የሚያቃልል ማኅበር ሲሆን፣ አኑዊቲ ደግሞ ቶሎ አለመሞት የሚያመጣውን ወጪ ይሸከማል። እቁብ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ሁሉም ያዋጣውን ያህል መልሶ ያገኛል፣ ዕጣው የሚወስነው ጊዜውን ብቻ ነው። የከተማችን ሰው እድርን ይህን ያህል አጠናክሮ ይዞ ለረጅም ዕድሜ የሚሆን ማኅበር አለማቋቋሙ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፦ ለረጅም ዕድሜ እንደ መድን ሲቆጠር የኖረው ልጅ ነበር።

ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ፣ በሌላው ዓለም ሰዎች አኑዊቲን ለምን ሮጠው አይገዙትም?

ይህ ጥያቄ በሙያችን ውስጥ የራሱ ስም አለው፤ «የአኑዊቲ እንቆቅልሽ» ይባላል። መናኼም ያአሪ በ1965 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ለልጆቹ ውርስ የመተው ሐሳብ የሌለውና ዕድሜው ስንት እንደሚሆን የማያውቅ ሰው፣ ዋጋው ትክክለኛ የሆነ አኑዊቲ ካገኘ ሀብቱን በሙሉ በዚያ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። ፍራንኮ ሞዲሊያኒ ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማታቸውን ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር፣ ሰዎች ይህን ውል በፈቃዳቸው የሚገዙት እጅግ ጥቂት ሆነው መገኘታቸው ማብራሪያ የሚፈልግ ነገር መሆኑን ጠቁመዋል። ብሪታንያ የጡረታ ቁጠባ ያለው ሰው በአብዛኛው አኑዊቲ እንዲገዛ የሚያስገድደውን አሠራር ከሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታነሣ፣ የአኑዊቲ ሽያጭ በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ።

ከሚሰጡት ማብራሪያዎች ሁሉ ለእኔ ክብደት ያለው የምርጫ አድልዎ የምለው ነው። ጤነኛና ከዘመዶቹ ረጅም ዕድሜ የለመደ ሰው አኑዊቲ ይገዛል፤ ሕመምተኛው ይተወዋል። ሻጩ ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን ያስወድዳል፤ መካከለኛ ጤና ያለውም ያኔ ይሸሻል። የዚህ ነገር ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የምወደው የጄኔቭ ባንከኞች ጉዳይ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ መንግሥት የዕድሜ ልክ ክፍያን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም በአንድ ዋጋ ይሸጥ ስለነበር፣ የጄኔቭ ባንከኞች ፈንጣጣን ያለፉና ከጤነኛ ቤተሰብ የተወለዱ ሠላሳ ልጃገረዶችን መርጠው ክፍያው በእነሱ ዕድሜ እንዲታሰር አደረጉ። ልጃገረዶቹ በኖሩ ቁጥር የፈረንሳይ ግምጃ ቤት መክፈሉን ቀጠለ። እንግሊዝም ብትሆን ከዚያ ቀደም ብሎ ዕድሜን ሳትጠይቅ ትሸጥ ነበር፤ ኤድመንድ ሃሌይ፣ ያው የጅራታሙ ኮከብ ሰው፣ የብሬስላው ከተማን የልደትና የሞት መዝገብ መሠረት አድርጎ የአኑዊቲ ዋጋ በየዕድሜው ምን ያህል ሊለያይ እንደሚገባ ያሰላው በ1693 እ.ኤ.አ. ነበር።

በዘመናችን ኤሚ ፊንክልስታይንና ጄምስ ፖተርባ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በብሪታንያ ክፍያው ከዓመት ዓመት እያደገ የሚሄደውን ዓይነት የመረጡ ሰዎች ከሌሎቹ ረዘም ያለ ዕድሜ እንደኖሩ፣ ቢሞቱም ለተወሰኑ ዓመታት ለወራሽ የሚከፈለውን ዓይነት የመረጡት ደግሞ አጠር ያለ ዕድሜ እንደነበራቸው አሳይተዋል። ሰው ስለ ራሱ ዕድሜ ከመድን ድርጅቱ የተሻለ ያውቃል ማለት ነው። በአሜሪካ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ስሌት እንዳመለከተው፣ ከሕዝቡ መካከል እንዲሁ ለተወሰደ አንድ ሰው፣ ለአኑዊቲ ከሚከፍለው ከእያንዳንዱ ዶላር በአማካይ የሚመለስለት ከ80 እስከ 85 ሳንቲም የሚያወጣ ክፍያ ነው። ቀሪው በከፊል የድርጅቱ ወጪና ትርፍ፣ በከፊል ደግሞ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ገዢዎች የሚያስከትሉት ጭማሪ ነው።

የግዴታ ጡረታ አንዱ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፤ ጤነኛውም ሕመምተኛውም አብረው ስለሚገቡ፣ መርጦ የሚሸሽ የለም።

ልጆች ጧሪ ከሆኑ፣ አኑዊቲ ምን ያስፈልጋል?

ሎረንስ ኮትሊኮፍና አቪያ ስፒቫክ በ1981 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ባልና ሚስት፣ ወይም ወላጅና ልጆች፣ ሀብታቸውን እየተካፈሉ ከኖሩና የሞተው ለቀሪው የሚተውለት ከሆነ፣ ፍጹም ከሆነ የአኑዊቲ ገበያ ሊገኝ ከሚችለው ጥቅም ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነውን በቤታቸው ውስጥ ሊያገኙት እንደሚችሉ አስልተዋል። ለእኛ አገር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በገጠር አባት መሬቱን ለሚጦረው ልጅ ይለቃል፣ ልጁም እስከ ቀብሩ ድረስ ይይዘዋል። ችግሩ የልጁ ገቢና የአባቱ ችግር ብዙ ጊዜ በአንድ ጊዜ መምጣታቸው ነው፤ ዝናም የቀረበት ዓመት ጧሪንም ተጧሪንም አይለይም። በከተማ ደግሞ ልጁ ውጭ አገር ወይም በቤት ኪራይ ተጨንቆ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ልጅ መድን ነው፤ ሆኖም አደጋውን በሰፊው የማያከፋፍል መድን ነው።

የአገራችን ጡረታ የሚሰላው እንዴት ነው?

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በሕግ የተደነገገው በ1953 ዓ.ም. ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ተካተቱ፤ ለሁለቱም ወገኖች በ2003 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል። መዋጮው ለሲቪል ሠራተኛ ከደመወዝ 18 በመቶ ሲሆን፣ 7ቱን ሠራተኛው፣ 11ዱን አሠሪው ይከፍላል።

በ2003ቱ አዋጆች በተጻፈው ቀመር መሠረት፣ አሥር ዓመት ያገለገለ ሲቪል ሠራተኛ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከአሥር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው እንግዲህ 55 በመቶ ይደርሰዋል፤ ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል።

ቀመሩ ለጋስ ይመስላል፤ ዋጋ በተረጋጋበት ዘመን ለጋስ ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን «የሦስት ዓመታት አማካይ» የምትለዋን ሐረግ በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። የአንድ ሠራተኛ ወርሃዊ ደመወዝ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት 8,000፣ 10,000 እና 12,000 ብር ነበር እንበል። አማካዩ 10,000 ነው፤ ሠላሳ ዓመት ካገለገለ ጡረታው 5,500 ብር ይሆናል። ይህ ከመጨረሻው ደመወዙ 55 በመቶ ሳይሆን 46 በመቶ ገደማ ነው። ደመወዝ የዋጋ ንረትን ተከትሎ በፍጥነት ባደገ ቁጥር አማካዩ ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ዋጋ በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨምር፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ዕጥፍ ስለሚወደድ፣ በመካከሉ ማስተካከያ ካልተደረገ 5,500ው ብር የሚገዛው የቀድሞውን ግማሽ ብቻ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ሲታወስ 15 በመቶ የተጋነነ ምሳሌ አይደለም። ጡረታቸውን በፖስታ ቤትም ሆነ በባንክ መስኮት የሚቀበሉ አረጋውያን ይህን ስሌት ያለ ወረቀትና እርሳስ ያውቁታል።

ጡረታ በጤፍ ዋጋ ቢታሰርስ?

ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ያቀረቡልኝ በእህል በረንዳ ያሉ አንድ አዛውንት ሲሆኑ፣ የቀልድ አድርገው ነበር ያነሡት። ሐሳቡ ግን ከቀልድ በላይ ነው፤ ረጅም ታሪክም አለው።

በእንግሊዝ በ1576 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የኦክስፎርድና የኬምብሪጅ ኮሌጆች ከመሬታቸው ኪራይ አንድ ሦስተኛውን በእህል እንዲያስከፍሉ አዘዘ። አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. ይህን ጠቅሶ፣ በእህል የተወሰነ ኪራይ በገንዘብ ከተወሰነው ይልቅ ዋጋውን ጠብቆ እንደቆየ ጽፏል፤ በመካከሉ ባሉት ዘመናት የብር ማዕድን ዋጋ በመውደቁ በገንዘብ የተዋዋሉት ተጎድተው ነበርና። ቀጥሎም በ1836 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አሥራት በዓይነት መሰብሰቡ ቀርቶ በገንዘብ ሲተካ፣ የገንዘቡ መጠን በስንዴ፣ በገብስና በአጃ የሰባት ዓመት አማካይ ዋጋ እንዲታሰር ተደረገ። ሰባት ዓመት የተመረጠበት ዓላማ ግልጽ ነው፤ አንድ መጥፎ ወይም አንድ መልካም መኸር የካህኑን ገቢ እንዳያናጋው ነው። ለእኔ ይህ ከዋጋ ጋር የሚንቀሳቀስ የዕድሜ ልክ ገቢ ከቀደምት ምሳሌዎቹ አንዱ ነው።

እኛም ብንሆን ከዚህ የራቅን አልነበርንም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አሥራት የተጣለው ሠራዊቱ ከገበሬው ቤት ተመርቶ ከመብላት ይልቅ ከጎተራ እንዲቀለብ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ማደሪያ የሚባለው መሬት ለመንግሥት አገልጋይ በደመወዝ ወይም በጡረታ ፈንታ ይሰጥ ነበር፤ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሲያደርገው ይህም አብሮ ቀረ። የማደሪያ ባለቤት ገቢው እህል ስለነበር የብር መርከስ ብዙም አያሳስበውም፤ የሚያሳስበው የዝናም መቅረት ነበር።

የእንግሊዙ ታሪክ ግን ቀጣይ አለው፣ አዛውንቱንም ያሳሰባቸው ይኸኛው ክፍል ነው። ከ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንሥቶ ርካሽ የአሜሪካ ስንዴ ወደ አውሮፓ ሲጎርፍ፣ ገቢያቸው በእህል ዋጋ የታሰረ ካህናት ሌላው ኑሮ እንዳለ ሆኖ የእነሱ ገቢ ብቻ ሲወርድ አዩ። በአንድ እህል የታሰረ ጡረታ ከብር መርከስ ያድናል፤ በምላሹ ለዚያ እህል ዕጣ ፈንታ አሳልፎ ይሰጣል። ጡረተኛ ደግሞ ጤፍ ብቻ አይገዛም፤ መድኃኒት፣ ኪራይ፣ ዘይትና ታክሲም አለበት። ስለዚህ የእኔ አቋም፣ ማስተካከያው በአንድ እህል ሳይሆን በጠቅላላው የሸማቾች ዋጋ መለኪያ፣ በአንድ ዓመት ሳይሆን በበርካታ ዓመታት አማካይ፣ ደግሞም በባለሥልጣን መልካም ፈቃድ ሳይሆን አስቀድሞ በሕግ በተጻፈ ቀመር ቢሆን ይሻላል የሚል ነው። ወጪውን የሚሸከመው በሥራ ላይ ያለው ሠራተኛና አሠሪው መሆኑን ግን መደበቅ አይገባም፤ የጡረታ ፈንዱ ገንዘብ ከዋጋ ንረት በታች ወለድ በሚያስገኝ የመንግሥት ሰነድ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ሸክሙ የባሰ ይከብዳል።

የድሮ የእህል ዋጋ በምን ይታወቃል? መዝገቡስ ይታመናል?

እንግሊዝ ከ1770 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየገበያ ከተማው የተሸጠውን እህል ዋጋ በየሳምንቱ እያሰባሰበች በ«ለንደን ጋዜት» አሳትማለች፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከ100 በላይ ከተሞች ይዘግቡ ነበር። መረጃው የተሰበሰበው ለእኛ ለተመራማሪዎች ተብሎ አልነበረም። የውጭ እህል መግባት ወይም መከልከል የሚወሰነው በአማካይ ዋጋ ስለነበር ነው፤ እስከ 1846 እ.ኤ.አ. ድረስ የቆየው የእህል ሕግ በዚያ አማካይ ላይ የቆመ ነበር። አማካዩን ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ የሚጠቀም ሰው ባለበት ደግሞ መዝገቡን በጥርጣሬ ማንበብ ተገቢ ነው።

ከማታለል ይልቅ የሚያስቸግረው ግን መለኪያው ነው። እንግሊዞች እህልን በክብደት ሳይሆን በይዘት ይሰፍሩ ነበር፤ ከ1826 እ.ኤ.አ. በፊት ደግሞ በየአካባቢው የተለያየ መስፈሪያ ይሠራ ነበር። ጥሩ ስንዴ በአንድ መስፈሪያ ከደካማው የበለጠ ስለሚመዝን፣ ሁለት ከተሞች አንድ ዓይነት ዋጋ ቢያስመዘግቡ እንኳ አንድ ዓይነት ነገር ሸጡ ማለት አይቻልም። የእኛን ቁናና ዳውላ የሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ የዚህ ገበያ ዳውላ ከዚያኛው ጋር አይመጣጠንም፣ ተቆልሎ የተሰፈረና ተልጎ የተሰፈረ ቁናም አንድ አይደለም። ክፍያውም በማርትሬዛ፣ ቀደም ሲልም በአሞሌ ሲሆን ሌላ ስሌት ይጨመራል።

ዛሬም በኩንታል፣ ማለትም በ100 ኪሎ እየተመዘነ ሳለ ችግሩ መልኩን ቀይሮ አለ። «የጤፍ ዋጋ» ሲባል የማኛ ነው፣ የነጭ ነው፣ የሰርገኛ ነው ወይስ የቀይ? በአንድ ወር ብዙ ማኛ፣ በሚቀጥለው ብዙ ሰርገኛ ከተሸጠ፣ የየአንዳንዱ ዓይነት ዋጋ ምንም ሳይነቃነቅ አማካዩ ይወርዳል። ይህን ስህተት ተማሪዎቼ ብቻ ሳይሆኑ እኔም በወጣትነቴ ሠርቼዋለሁ፤ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከጻፍሁ በኋላ ነበር የነቃሁት።

ነጋዴ እህል አከማችቶ ዋጋ ሲወጣ መሸጡ እንዴት የወለድ መለኪያ ይሆናል?

መኸር በተሰበሰበ ማግሥት፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ዋጋ ይረግባል፤ በሐምሌና በነሐሴ ይወጣል። ልዩነቱን ሁሉ የነጋዴው ስግብግብነት አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። በጥር 10,000 ብር የገዛውን ኩንታል በሐምሌ 11,500 የሸጠ ነጋዴ ይኑር እንበል። ከ1,500ው ላይ የመጋዘን ኪራይ፣ ነቀዝና አይጥ የበሉት፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያ ይነሣል። የሚተርፈው ገንዘቡን ስድስት ወር አስሮ የቆየበት ዋጋ ነው፤ ይህም በሌላ ስሙ ወለድ ነው። ባንክ ባልነበረበት ዘመን፣ የብድር ውልም ባልተረፈበት አገር፣ የእህል ዋጋ ከመኸር እስከ መኸር በምን ያህል እንደወጣ ማየት የዘመኑን ወለድ ለመገመት ይረዳል። ዲርድሬ ማክሎስኪና ጆን ናሽ በ1984 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንገድ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ወለድ እጅግ ከፍተኛ እንደነበርና ኋላ እንደቀነሰ አሳይተዋል። የአኑዊቲን ዋጋ ለማስላት የሚያስፈልገውም ይኸው ወለድ ነው፤ ሁለቱ የምርምር መስኮቼ የሚገናኙበት ጠባብ በር ይህ ነው።

የእህል በረንዳ ወዳጆቼ ይህን ማብራሪያ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር እጨምርላቸዋለሁ፦ ስሌቱ የሚሠራው ተፎካካሪ ሲኖር ብቻ ነው።

ገበያዎች «ተሳስረዋል» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

በሁለት ከተሞች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከማጓጓዣው ወጪ ካልበለጠ፣ ሲበልጥም ቶሎ ከጠበበ፣ ገበያዎቹ ተሳስረዋል እንላለን። ዋጋዎቹ አብረው መውጣታቸውና መውረዳቸው ብቻ አይበቃም፤ አንድ ደመና ሁለቱንም ከተሞች ስለሚያዘንብ ያለ አንዳች ንግድ አብረው ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ። የሚታየው የመመለሻው ፍጥነት ነው።

በደርግ ዘመን ገበሬው ለመንግሥት ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ ኮታ ያስረክብ ነበር፤ ነጋዴውም እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር ሲያዘዋውር ኬላ ይጠብቀው ነበር። በ1982 ዓ.ም. ይህ ሲላላ በገበያዎች መካከል ምን እንደተለወጠ ስቴፋን ደርኮን በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የጤፍ ዋጋን ይዞ መርምሮታል። ዕሌኒ ገብረመድኅን ደግሞ የደላላውን ሥራ አጥንተዋል፤ ገዢና ሻጭ በማይተዋወቁበት፣ የእህሉ ጥራትም ዓይን ካላየው በማይታወቅበት ገበያ፣ ደላላው ዋጋ ከማስወደድ ባሻገር የመተማመን ድልድይ መሆኑን አሳይተዋል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቆመበት ሐሳብም፣ ጥራት አስቀድሞ ተመርምሮ በደረጃ ከተመደበ ገዢው ጆንያውን ሳይከፍት ሊገዛ ይችላል የሚል ነው።

ገበያ ተሳሰረ ማለት ግን ሁሉም ጠገበ ማለት አይደለም። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ በወሎው ረሃብ ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ እህልም ከወሎ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። የተራበው ገበሬ ሰብሉን ስላጣና ከብቱ ስለረከሰበት ያለውን ዋጋ እንኳ መክፈል አልቻለም። በጡረታ ጥያቄ ላይ ዋጋን ብቻ ሳይሆን ገቢን ከዋጋ ጋር አጣምሬ የማየው ይህን ካነበብሁ ጀምሮ ነው።

ሴቶች ረዘም ያለ ዕድሜ ስለሚኖሩ ያነሰ ወርሃዊ ክፍያ ሊያገኙ ይገባል?

በሒሳብ ብቻ ካየነው አዎ፤ በአውሮፓም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በ2011 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ መድን ሰጪዎች በጾታ ለይተው ዋጋ ማውጣታቸውን ከታኅሣሥ 21 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲያቆሙ አድርጓል። በእኛ አገር የጡረታ መውጫው ዕድሜ ለሁለቱም 60፣ ቀመሩም አንድ ስለሆነ ጥያቄው አይነሣም።

የራሴን የጡረታ ጉዳይ ሊመለከቱልኝ ይችላሉ?

አልችልም። የአገልግሎት ዘመንን፣ ዳረጎትንና የተተኪ አበልን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ለሚመለከተው የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት መቅረብ አለባቸው።

ቤታችን የአያቴ የእህል ንግድ መዝገብ አለ። ለምርምር ይጠቅማል?

በጣም ይጠቅማል፤ እባክዎ ለስኳርና ለበርበሬ መጠቅለያ አይስጡት። ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ ካዛወረ በኋላ ያለውን ዘመን የሚያሳይ መዝገብ ተፈላጊ ነው፤ ከዚያ የቀደመ ከሆነማ ደስታዬን አልችለውም። ገጾቹን ሳይነቅሉና በላስቲክ ሳያሽጉ በደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ዋጋው ብቻ ሳይሆን እህሉ ከየት እንደመጣ፣ በዱቤ ይሁን በእጅ እንደተሸጠ፣ በማን ቁና እንደተሰፈረም የተጻፈ ነገር ካለ፣ ወይም ይህን የሚያስታውሱ ሽማግሌ በቤትዎ ካሉ፣ መዝገቡን ከማሳየትዎ በፊት እሳቸውን ቢጠይቁልኝ እመርጣለሁ።